ደብዳቤው ሳይደርሳችሁ፦ ከሥራ ቅነሳ በፊት የሚያልቁ ጉዳዮች

ስምንት ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰው ቀጥሬያለሁ። የስንብት ደብዳቤም በእጄ አድርሻለሁ። ጥር 2017 ላይ ደግሞ ደብዳቤው ለእኔም መጣ።

የምሠራበት የእርዳታ ድርጅት በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ፕሮጀክት ነበረው። ጥር 12 ቀን አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ የቀጠራቸውን ወደ 5,000 የሚጠጉ የኮንትራት ሠራተኞች ውል አቋረጠ። ሥራውን አልሠራም ተብሎ የወጣ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ ቆመ፣ ሰውም ወጣ። ከዚያ በፊትም አይተነዋል። ታህሳስ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአጎአ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል ስትወጣ፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ብዙ ልጆች እንጀራቸውን አጥተዋል።

በሁለቱም ወንበር ተቀምጬ አንድ ነገር አየሁ። ሥራ ላይ እያላችሁ በአንድ ቀን የምታገኙት ወረቀት፣ ከወጣችሁ በኋላ ወር ይፈጃል። አንዳንዴ ጨርሶ አይገኝም። ፕሮጀክት ሲዘጋ እናንተ ብቻ አይደላችሁም የምትወጡት። የሚፈርመው ሥራ አስኪያጅም ይወጣል። ቢሮው ይለቀቃል። ማህተሙ የት እንደገባ የሚያውቅ ይጠፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ደመወዝ እየገባ ሳለ የሚሠራ ነው። ቅነሳ ባይመጣም አይጎዳችሁም። የተሻለ ሥራ ስትፈልጉም ይኸው ወረቀት ነው የሚጠየቀው።

ደረጃ 1፦ ወረቀታችሁን ከቢሮው አውጡ

ብዙ ሰው ከሲቪ ይጀምራል። እኔ ከሥራ ልምድ ደብዳቤ ጀምሩ እላለሁ።

የሥራ ልምድ ለመጠየቅ መልቀቅ አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። "ምን ሊያደርግልህ ነው?" ብትባሉ "ለግል ማህደሬ" በቂ መልስ ነው።

ደብዳቤው ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስማችሁ በዲግሪያችሁና በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ተጽፏል? የሥራ መደቡ ትክክል ነው? ዕድገት ካገኛችሁ ከመቼ እስከ መቼ በየትኛው መደብ እንደሠራችሁ ተለይቷል? ደመወዙስ? የግል ድርጅት ልምድ ከሆነ ደግሞ የሥራ ግብር መከፈሉ ይገለጽ። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይህ የሌለበትን ልምድ አይቀበልም።

አንዲት እህት ትዝ ትለኛለች። በገንዘብ ያዥነት ተቀጥራ አራት ዓመት ሙሉ የሠራችው የሂሳብ ሠራተኛ ሥራ ነው። አለቃዋ በቃል "ከዛሬ ጀምሮ ሂሳቡን አንቺ ያዢው" ብሏት ነበር፤ ደብዳቤ ግን አልተጻፈም። ከወጣች በኋላ ልምድ ልትወስድ መጣች። ማህደሯን ከፍቼ አየሁ። የቅጥር ደብዳቤ፣ ሁለት የደመወዝ ጭማሪ፣ አንድ የወሊድ ፈቃድ። ሌላ የለም። አለቃዋ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። እኔ ማህደር ላይ የሌለ ነገር መጻፍ አልችልም። "ገንዘብ ያዥ" ብዬ ሰጠኋት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው እስካሁን ይታየኛል። በቃል የተሰጣችሁ ኃላፊነት ካለ ዛሬ በጽሑፍ አስደርጉት። የውክልና ደብዳቤም ቢሆን ይጠቅማል። አለቃችሁ በኢሜይል "አዎ፣ አንተ ነህ የምትሠራው" ቢልም ከምንም ይሻላል።

ከልምዱ ቀጥሎ እነዚህን ሰብስቡ፦

- የቅጥር ውላችሁን፣ የደመወዝ ጭማሪና የዕድገት ደብዳቤዎችን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤታችሁን፣ የሥልጠና ሰርተፊኬቶችን።
- የቅርብ ጊዜ የደመወዝ መክፈያ ወረቀት፣ ቢያንስ የሦስት ወር።
- ያልተወሰደ የዓመት ፈቃዳችሁን መጠን። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራ ሲቋረጥ ያልወሰዳችሁት ወደ ገንዘብ ይለወጣል። የፈቃድ መዝገቡ ከተበላሸ ግን የምትከራከሩበት የላችሁም።
- የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ከሆናችሁ ኮስት ሼሪንጉን፣ ማለትም ለትምህርታችሁ የምትከፍሉትን የወጪ መጋራት ዕዳ አትርሱ። ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ከሆነ እስካሁን ስንት እንደተከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሂሳብ ክፍል ውሰዱ። ኦሪጅናል ዲግሪ ለማውጣት ስትሄዱ የሚጠየቀው እሱ ነው። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ይዘው ዓመታት የቆዩ፣ በተቀነሱ ማግሥት ኦሪጅናል የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሲያዩ የሚሯሯጡ ብዙ ናቸው።

ጡረታውንም አጣሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ከእናንተ መቆረጡ ብቻ ገቢ መሆኑን አያሳይም። የጡረታ መለያ ቁጥር አላችሁ? መዋጮው ገቢ ሆኗል? የወር ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ስለሚጠይቅ፣ ያልተመዘገበ አንድ ዓመት ነገ ዋጋ ያስከፍላል። ድርጅቱ በሕይወት እያለ ማስተካከል ይቻላል። ከተዘጋ በኋላ ከማን ጋር ትነጋገራላችሁ?

ሁሉንም በስልክ ስካን አድርጋችሁ በፒዲኤፍ ወደ ግል ኢሜይላችሁ ላኩ። ዋናውን ክላሰር ውስጥ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። የራሳችሁን ወረቀት ብቻ ግን። የድርጅቱን የደንበኛ ዝርዝር፣ የሂሳብ ፋይል ወይም የሌላ ሠራተኛ መረጃ መውሰድ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ መብታችሁንም ያበላሻል።

ደረጃ 2፦ የስልክ መስመራችሁን ለዩ

ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። እኔም ዘንግቼው ነበር። ቢሮ የሰጠኝ ሲም ካርድ ላይ ቴሌብር ከፍቻለሁ። የባንክ መተግበሪያው የሚስጥር ቁጥር የሚልክልኝም በእሱ ነው። የላክኋቸው ሲቪዎች ላይ ሁሉ ያለው ቁጥር እሱ ነው። ደብዳቤው የመጣ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑንና ሲሙን አስረክቡ ተባልን። ማታ ቤት ገብቼ ሂሳቤን ልይ ስል መግባት አቃተኝ። በማግሥቱ ባንክ ቤት ተሰልፌ ዋልኩ።

በራሳችሁ ስም የወጣ መስመር ይኑራችሁ። ባንኩን፣ ቴሌብሩን፣ ኢሜይሉን፣ ቴሌግራሙን ወደዚያ አዙሩ። በቢሮ ኢሜይል የከፈታችሁት ሊንክድኢን ካለም እንዲሁ።

ደረጃ 3፦ የሚገባችሁን በብር አስሉ

እኛ ጋ ሥራ ለፈታ ሰው በየወሩ የሚቆርጥለት የሥራ አጥነት መድን የለም። ያለው የስንብት ክፍያ ነው። ስለዚህ መጠኑን አስቀድሞ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ ወይም በድርጅት መዘጋት የሚወጣ ሠራተኛ የሚከፈለው በቀላሉ እንዲህ ይሰላል። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ወይም መዘጋት ከሆነ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል።

በቁጥር እንየው። ደመወዝ 18,000 ብር፣ አገልግሎት 4 ዓመት እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 18,000። ለቀሪው ሦስት ዓመት በየዓመቱ 6,000፣ በድምሩ 18,000። እስካሁን 36,000 ሆነ። የ60 ቀኑ ሌላ 36,000። ጠቅላላው ከግብር በፊት 72,000 ብር ነው። የቀረ ፈቃድ ካለ ይደመራል። የትራንስፖርትና የመሳሰለው አበል ግን ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ መነሻው ደመወዝ ነው። ደመወዛቸው ትንሽ፣ አበላቸው ብዙ የሆኑ ሰዎች እዚህ ላይ ይደነግጣሉ።

ማስጠንቀቂያም አለ። በቅነሳ ለሚወጣ ሠራተኛ ሁለት ወር ነው። ሳይሰጣችሁ በዕለቱ ውጡ ከተባላችሁ የሁለት ወሩን ደመወዝ ጠይቁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሕጉ "ቅነሳ" የሚለው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን ሲነካ ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው። አንድ ሰው ብቻ ተነጥሎ ቢወጣ ነገሩ በሌላ አንቀጽ ይታያል። ሁለተኛ፣ የፕሮጀክት ውል ያላችሁ የማብቂያውን ቀን ተመልከቱ። ውሉ ቀኑ ደርሶ ሲያልቅ የሚኖራችሁ መብትና በመሀል ሲቋረጥ የሚኖራችሁ አንድ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም፤ የራሳቸው ሕግ አላቸው።

ያገኛችሁትን ድምር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ክላሰሩ ውስጥ ክተቱት።

ደረጃ 4፦ ስንት ወር እንደምትቆዩ እወቁ

የወር ወጪያችሁን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ የማይቀረው ነው፦ ቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ መብራትና ውሃ፣ ትራንስፖርት፣ መድኃኒት። ሌላው ሊቀር የሚችለው ነው። ያላችሁን ቁጠባ ለመጀመሪያው አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ያለ ደመወዝ የምትቆዩበት ወር ነው። የስንብት ክፍያውን አትደምሩት፤ ሊዘገይ ይችላል።

ሦስት ወር ከሞላ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው አንድ ወርም አይሞላለትም፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አስቤዛው ብቻ ምን ያህል እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ አታፍሩ። ደመወዝ በገባ ዕለት፣ ገና ሳይነካ፣ አቅማችሁ የፈቀደውን ወደ ሌላ ሂሳብ አዙሩ። ካርድ የማይወጣበት ሂሳብ ቢሆን ይመረጣል። ገንዘቡን አንድ ዓመት የማይነካ ሂሳብ ውስጥ ሁሉንም አትቆልፉት።

ዕቁብን በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ዕጣ ያልወጣለት ሰው ዕቁቡ ቁጠባ ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው ግን ባለዕዳ ነው፤ ዋስም ጠርቷል። የቢሮው አየር ካላማራችሁ አዲስ ትልቅ ዕቁብ አትግቡ። ቀድማችሁ በልታችሁ ከሆነም ቀሪውን የምትከፍሉበት ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። ደመወዛችሁ ሲቆም ዋሳችሁ ላይ እንዳይዞር። ዕድሩን ግን አታቋርጡ። ወርኃዊው ትንሽ ነው፤ ክፉ ቀን ደግሞ ሥራ አለው የለውም አይልም።

ከመሥሪያ ቤቱ ወይም ከሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማህበር የወሰዳችሁት ብድር ካለ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። አብዛኛው ውል ሠራተኛው ሲለቅ ቀሪው ዕዳ ከመጨረሻ ክፍያው ላይ እንዲቆረጥ ይላል። 72,000 ብር ጠብቆ 20,000 ብር የወሰደ ሰው አውቃለሁ። ለሌላ ሰው የፈረማችሁት ዋስትናም ይቆጠራል። አብራችሁ ከተቀነሳችሁ ሁለታችሁም አንድ ላይ ትያዛላችሁና።

የሕክምና ሽፋን ካላችሁ አሁን ተጠቀሙበት። የጥርሱን፣ የመነጽሩን፣ የልጁን ምርመራ አታሳድሩ።

ደረጃ 5፦ ምስክርና ሲቪ

ሲቪ ላይ ረጅም አልሄድም። አንድ ነገር ብቻ፦ ቁጥሩን አሁን ጻፉ። "ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ" ከማለት "በዓመት 12 ሪፖርት፣ ለ3 ክልል" ማለት ይናገራል። ከቢሮ ከወጣችሁ በኋላ ቁጥሩ ይጠፋባችኋል። ሁለት ገጽ ይበቃል።

ምስክሮች ላይ ግን ልቆይ። ቀጣሪ ስለ እናንተ ደውሎ የሚጠይቀው ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የቅርብ አለቃ ቢሆን ጥሩ ነው። የቢሮ ስልካቸውን ሳይሆን የግል ቁጥራቸውንና የግል ኢሜይላቸውን ያዙ። የውጭ አገር አለቃ ካላችሁ በተለይ። እኛ ጋ ደብዳቤው በመጣ ማግሥት የድርጅቱ ኢሜይል ተዘጋ፤ ለእኔ ሊመሰክሩልኝ የሚችሉ ሁለት ሰዎችም አብረው ጠፉብኝ። አንዷን ያገኘኋት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቁጥራቸውን ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ አስፈቅዱ። ሳያውቁ የተደወለላቸው ሰዎች ደንግጠው የሚመልሱት መልስ አያምርም።

ከዚያ ገበያውን ማየት ጀምሩ። ኢትዮጆብስ የሚባለው የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ተመዝገቡ። ሪፖርተር ጋዜጣ ረቡዕና እሁድ ይወጣል፤ የሥራ ማስታወቂያውን ተመልከቱ። የቴሌግራም ቻናሎችም አሉ፤ ፈጣን ናቸው፣ ማጭበርበርም ይበዛባቸዋል። ለምዝገባ፣ ለፎርም ወይም "ለሥልጠና" አስቀድማችሁ ብር ላኩ የሚል ሁሉ ቀጣሪ አይደለም።

በየወሩ ለአንድ ሁለት ቦታ አመልክቱ። ቢቀጥሯችሁም ባይቀጥሯችሁም ፈተናውና ቃለ መጠይቁ እጃችሁን ያፍታታል። ብዙ ማስታወቂያ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ አንዳንዱም በአካል ቀርቦ ማመልከት ይጠይቃል። ክላሰሩ ዝግጁ የሆነ ሰው በምሳ ሰዓት አስገብቶ ይመለሳል።

ደረጃ 6፦ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ

ባለትዳር ከሆናችሁ ክላሰሩ የት እንዳለና ሂሳቡ ስንት ወር እንደሚያቆይ ሁለታችሁም እወቁ። ከተቀነሰ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ሥራ የሄደ መስሎ ካፌ ሲቀመጥ የሚውል ሰው አውቃለሁ። ሦስት ወር እንዲህ አደረገ። በየቀኑ ለማኪያቶና ለታክሲ ያወጣ ነበር። ሚስቱ የሰማችው ከጎረቤት ነው። የጎዳት ሥራ ማጣቱ አይደለም። እንደዚህ ያለ ነገር ሲመጣ ከፊት ለፊት የተነገረው ቤተሰብ ይተባበራል፤ እህት ወንድሙም፣ ውጭ ያለው ዘመድም።

ደረጃ 7፦ ምልክቱን ስታዩ

ቅነሳ ድንገት አይመጣም፤ የሚሰማው ነው ድንገት። የለቀቀ ሰው ቦታ ሳይተካ ይቀራል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ይቆማል። አቅራቢዎች ክፍያ ዘገየብን እያሉ ሂሳብ ክፍል ይመላለሳሉ። የዓመት ውል የነበረው በሦስት ወር ይታደሳል። ደመወዝ ቀኑን ማሳለፍ ይጀምራል። ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ ትልቅ ወጪዎችን አቁሙ፤ ማመልከቻችሁን በእጥፍ ጨምሩ።

ደረጃ 8፦ ደብዳቤው የመጣ ቀን

"በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ" የሚል ወረቀት እንዳትፈርሙ። አደራ። "ለስምህ ጥሩ ነው"፣ "ልምድህ ላይ አይታይም" ይሏችኋል። እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጬ ሰው እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ከላይ ያሰላነውን የቅነሳ ክፍያ ያጣል።

ደብዳቤውን ስትቀበሉ ቅጂው ላይ "ደርሶኛል" ብላችሁ የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉና ፈርሙ። አንዱን ቅጂ ያዙ። "ሁሉም ክፍያ ተፈጽሞልኛል፣ ምንም ጥያቄ የለኝም" የሚል ዓረፍተ ነገር ያለበትን ወረቀት ገንዘቡን ሳታዩ አትፈርሙ። ለማሰብ አንድ ቀን መጠየቅ ነውር የለውም።

ንብረት ስታስረክቡ ዕቃውን በዝርዝር እያስጻፋችሁ አስረክቡ፤ ላፕቶፑን ከነመለያ ቁጥሩ፣ ቁልፉን፣ መታወቂያውን፣ ሲሙን። ክሊራንሱን፣ ማለትም ከንብረትና ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚያሳየውን ወረቀት አስፈርማችሁ ቅጂ ያዙ። የመጨረሻውን ቀን የያዘ አዲስ የሥራ ልምድም በዚያው ጠይቁ።

አሠሪው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ክፍያውን መፈጸም አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁን የተቀበለው ሰው ቅጂው ላይ ይፈርም። ካልሆነ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ትሄዳላችሁ። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ይታገዳል። "እንጨርሳለን፣ ትንሽ ታገሡ" እየተባለ ቀኑ ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። ቀኖቹን ከደብዳቤው ቀን ቆጥራችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ።

ገንዘቡ ባንክ ሲገባ የክፍያ ዝርዝሩን በጽሑፍ ውሰዱ። ከዚያ ክላሰሩን ክፈቱና በደረጃ 3 ከጻፋችሁት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ካልገጠመ ልዩነቱ ከየትኛው መስመር እንደመጣ ጠይቁ።